ካርቱምን በአንድምታ ስለ ማየት

ጦርነቱ በ2023 ሚያዝያ ወር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ካርቱም ላይ ከተነሣ ወዲህ፣ ከዚያች ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙባት ከተማ ወደ እኛ የሚደርሰው ሥዕል ሁሉ የጢስ፣ የፍርስራሽና የስደት ሥዕል ሆኖ፣ ተመልካቹም ከንፈሩን መጥጦ ወደ ሌላው ዜና ከማለፍ በቀር ሌላ ተግባር ስላልተተወለት፣ ካርቱም ተንቀሳቃሹን ሥዕል ከወሬ አቀባይነት አውጥተው የጥበብ ማዕርግ ከሰጡት ከተሞች አንዲቱ መሆኗ ፈጽሞ ተዘንግቷል። የካርቱም ሰዎች የሠሩትን ሥዕል እንደ ምስክር ቃል ብቻ ተቀብሎ ማለፍ ግፍ ይመስለኛል። ትርጓሜ ይገባዋል፤ ትርጓሜ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም።

የቪዲዮ ጥበብን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት፣ በኮሪያ የተወለደው ናም ጁን ፓይክ በ1963 በጀርመን አገር በቩፐርታል ከተማ የቴሌቪዥኖችን ውስጥ እየነካካ ሥዕላቸውን አጣሞና አዛብቶ ለሕዝብ ካሳየበት ጊዜ ነው፤ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ላይም የሶኒ ኩባንያ አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት የሚሄደውን መቅረጫ ለገበያ ስላወጣ፣ ሥዕል መቅረጽ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች እጅ ወጥቶ ወደ ግለሰብ እጅ ገባ ይላሉ። ሐሰት የለበትም። ዳሩ ግን የጥበብን ልደት በመሣሪያ ልደት ብቻ መቍጠር፣ በሴሉሎይድ ተቀረጸ ወይስ በማግኔት ክር ብሎ መከራከር፣ የነጋዴ እንጂ የጠቢብ ክርክር አይደለም። ቁም ነገሩ ሥዕሉ ወሬ ማቀበሉን ትቶ እንደ ቅኔ ማሰብ የጀመረበት ሰዓት ነው፤ ያም ሰዓት በሱዳን የደረሰው በአንድ ሠዓሊ እጅ ነው።

ሑሴን ሸሪፍ በ1934 በኦምዱርማን ከመህዲው ዘር ተወለደ፤ መተማን የማይረሳ አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ቢል አልፈርድበትም። በለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ከተማረ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ሲሥልና ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በባህል ሚኒስቴር የፊልም ክፍል ገባ። በ1973 ከወሰናችን ብዙ በማይርቀው በጥቁር ዓባይ ምድር የሚኖረውን የኢንገሰናን ሕዝብ የእሳት ሥርዓት ቀረጸ፤ በ1975 ደግሞ «የአምበር መነቀል» የተባለውን ሥራውን በቀይ ባሕር ዳር በሱዋኪን ፍርስራሽ መካከል ፈጸመ። ሱዋኪን ከኮራል ድንጋይ የታነጸች፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወርዱ ኢትዮጵያውያን ነጋድያን ያልፉባት የነበረች፣ በሃያኛው ምእት ዓመት መባቻ እንግሊዞች ፖርት ሱዳንን ከቈረቈሩ በኋላ ግን ነዋሪዋ እየተመናመነ ቤቶቿ አንድ በአንድ የወደቁባት ወደብ ናት። በፊልሙ ውስጥ ይህን ታሪክ የሚያስረዳ ተራኪ የለም፤ ግድግዳው፣ ባሕሩና የሰው አካል በየተራ እየታዩ ያልፋሉ፤ የቀረው ለተመልካቹ ኅሊና ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ አይቶ «ለመሆኑ ምን ለማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ ይጠብቃል። የእኛ የመጻሕፍት መምህራን ግን አንዱን ንባብ ከዘለቁ በኋላ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ብዙውን ትርጓሜ ጐን ለጐን ሲያቆሙ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። የሱዋኪኑ ሥዕል በዚህ ሥርዓት ቢታይ፣ ንባቡ ባዶ የቀረች ከተማ ናት፤ አንድም ባዕድ ገዥ ወደቡን እንደ ልቡ ሲያነሣና ሲጥል አገሬው የሚቀርበት ዕዳ ነው፤ አንድም በሁለት ዓለም መካከል ተምሮ በሁለቱም እንግዳ የሆነው የሠዓሊው የገዛ ነፍሱ ነው። ዛሬ አራተኛ የሚጨምሩ አሉ፤ ሠዓሊው የካርቱምን ጥፋት ቀድሞ ተነብዮ ነበር ይላሉ። እኔ ይህንን አልቀበልም። በ1975 የተሠራ ሥራ በ2023 ስለሚወድቅ ጥይት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የእኛን ኀዘን በእርሱ አፍ ማናገርም ሠሪውን ማክበር ሳይሆን ሥራውን መንጠቅ ነው። አንድምታ ልክ አለው፤ ንባቡ የማይሸከመው ትርጓሜ፣ ምንም ያህል ልብ ቢነካ፣ ትርጓሜ አይባልም።

ከሠዓሊው ጋር የሚጠሩ ሌሎችም አሉ። ኢብራሂም ሸዳድ በ1981 አንድ ግመል በሰሊጥ መጭመቂያ ዙሪያ ሲሽከረከር የሚያሳይ አጭር ፊልም ያለ ንግግር ሠሩ፤ ስለ ጕልበትና ስለ ጌትነት ከብዙ ጥራዝ ይበልጥ ይናገራል። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው የሱዳንን የፊልም ማኅበር በ1989 ባቋቋሙ በጥቂት ወራት ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት መጥቶ ማኅበሩን አገደው፤ ሑሴን ሸሪፍም በስደት ኖሮ በ2005 በካይሮ ዐረፈ።

የቀደሙት በዚህ መልክ ቢበተኑም ጥበቡ አልተቋረጠም፤ ለዚህም በ2025 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የታየው «ካርቱም» የተባለው ፊልም ማስረጃ ነው። አራት ሱዳናውያንና አንድ እንግሊዛዊ አዘጋጅ በ2022 የአምስት የከተማዋን ነዋሪዎች ሕይወት በስልክ ካሜራ መቅረጽ ጀምረው ነበር፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ አንድ የሱዳን አብዮት ወጣትና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚያድሩ ሁለት ሕፃናት። ጦርነቱ ሁሉንም ወደ ኬንያ ስላሰደዳቸው፣ የሚቀረጸው ከተማ ከእጃቸው በጠፋ ጊዜ፣ አዘጋጆቹ ባለታሪኮቹን በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት አቁመው የሸሹበትን ቀንና የሚያልሙትን ሕልም ራሳቸው እንዲያሳዩ አደረጉ፤ ከኋላቸውም የጠፋችው ካርቱም በሥዕል ትመጣለች። ዘጋቢ ፊልም ነው የሚሉት ትክክል ናቸው፤ እኔ ግን በቪዲዮ ጥበብ መካከል ባስቀምጠው እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሆነውን በመመዝገብ አያበቃም፣ ሰው በደረሰበት ነገር ላይ እንደገና ባለሥልጣን የሚሆንበትን ስፍራ በብርሃን ይሠራል። እንባቸውን ብቻ አይተን ብንወጣ ግማሹን ሥራ ሳናየው ቀርተናል።

የሩቅ ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ የታሪክ ጸሐፊው የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ቴዎ እሸቱ፣ ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት በ2009 በ15 መስኮቶች ከፋፍሎ ያሳየበትን ሥራ ያስታውስ፤ አከፋፈሉን የወሰደው የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየክፍሉ ከሚተርኩት የአገራችን ሥዕሎች ነው። ይህን ሥራ የሚያነበው ዐይን ሱዋኪንንም ማንበብ ይችላል።

ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ሱዳናውያን ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዋል፤ የሑሴን ሸሪፍና የኢብራሂም ሸዳድ ፊልሞችም በርሊን በሚገኘው በአርሰናል ተቋም ድካም ታድሰው ዳግመኛ ለመታየት በቅተዋል። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እነዚህን ሥራዎች በአማርኛ መግለጫ አስደግፎ ለሕዝብ እንዲያሳይ፣ የሱዳን ስደተኞችንም በክብር እንግድነት እንዲጠራ፣ በውይይቱም ወንበር ከሥዕል መምህሩ አጠገብ አንድ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር እንዲያስቀምጥ እጠይቃለሁ።