ሚክሰር ስንመርጥ ማንን ለመስማት ነው?

ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ መሬት ሲጽፍ የከረመ ሰው ዛሬ ስለ ድምፅ መቀላቀያ፣ በተለምዶ ሚክሰር ስለምንለው መሣሪያ፣ ለመጻፍ መነሣቱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩ ግን ከፖለቲካችን የራቀ አይደለም። ማይክሮፎን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የታሪክ ምስክርነት የሚቀዳው ሰው በርክቷል፤ ከምስክርነቱ የትኛው ለትውልድ እንደሚተርፍ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሚወስነው የተገዛው ዕቃ ነው።

ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሁለት የዓይን ምስክሮችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አወያየሁ። አንደኛው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወረዱ የያኔው ተማሪ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ደግሞ መሬቱ የተወረሰበት ቤተሰብ ልጅ። ለየራሳቸው ማይክሮፎን አድርጌላቸው ነበር። ጋሼ ድምፃቸው ጎርናና፣ ንግግራቸውም የማይቆም ነው፤ እትዬ ግን ዝግ ብለው፣ በየመሐሉ እየተነፈሱ ነበር የሚናገሩት። ክርክሩ ሲግል ጋሼ በእትዬ ቃል ላይ ይደርቡ ጀመር። ማታ ቅጂውን ስከፍተው ሁለቱ ድምፆች ተዋህደው አንድ ሆነዋል። የእትዬን ከፍ ሳደርግ የጋሼም አብሮ ከፍ ይላል። ድጋሚ እንዲነግሩኝ እትዬን ብለምናቸው፣ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አላለቅስም» አሉኝ።

ምን ሆኖ ነው? በዩኤስቢ የሚሠሩ አብዛኞቹ ርካሽ ሚክሰሮች ፊታቸው ላይ ስምንትም ይሁን አሥራ ሁለት ቻናል ቢኖራቸው፣ ለኮምፒውተሩ የሚልኩት ግራና ቀኝ የሚባሉትን ሁለት ቻናሎች ብቻ ነው። ለምሳሌ ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ አራት ማይክሮፎን ይቀበላል፤ ኮምፒውተሩ ዘንድ የሚደርሰው ግን ሁለት ቻናል ነው። ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም፤ ሚክሰር ከጥንቱም የተሠራው ብዙውን ድምፅ አዋህዶ ለማቅረብ ነው። ስሕተቱ የቁልፉን ብዛት ቆጥረን የምንገዛው የእኛ ነው።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ መፍትሔው እጄ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። «ፓን» የሚባለውን ቁልፍ ለጋሼ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ለእትዬ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሬው ቢሆን ኖሮ ያው መሣሪያ ሁለቱን ለየብቻ ይቀዳልኝ ነበር። አንዱ ማይክሮፎን የሌላውን ሰው ድምፅ ጥቂት መልቀሙ አይቀርም፤ ወደ ተናጋሪው አፍ ቀረብ ከተደረገ ግን ብዙ አያስቸግርም።

ስለዚህ ለመግዛት ለምታስቡ ምክሬ ይህ ነው። የምትቀዱት አንድ ወይም ሁለት ሰው ከሆነ ሚክሰር አያስፈልጋችሁም፤ እንደ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ያለ ባለ ሁለት ማይክሮፎን ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይበቃል። ማይክሮፎናችሁ ኮንደንሰር ከሆነ ባለ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር መኖሩን አረጋግጡ፤ እንደ ሹር ኤስኤም58 ላሉት ዳይናሚኮች ይህ አያስፈልግም። ተናጋሪዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ እያንዳንዱን ቻናል ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ፣ ለምሳሌ ታስካም ሞዴል 12ን የመሰለ ሚክሰር ፈልጉ። ዙም ፖድትራክ ፒ4 ደግሞ አራት ማይክሮፎኖችን ለየብቻ በሚሞሪ ካርድ ይቀዳል፤ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮችም ስለሚሠራ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዩኤስቢ የሌለውን ሚክሰር በላፕቶፑ የማይክሮፎን ቀዳዳ አትሰኩት፤ ያ ቀዳዳ ለደካማ ምልክት የተሠራ ስለሆነ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ስትቀዱም ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አድርጉ፤ ዜሮን ነክቶ የተቆረጠውን ማንም አይመልሰውም።

«ዞሮ ዞሮ አድማጭ ጋ ሲደርስ መቀላቀሉ አይቀር» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ይሁን እንጂ የማንን ድምፅ ከፍ፣ የማንን ዝቅ ማድረግ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ የሚሰጠው ምስክር ከተሰማ በኋላ ነው። ምስክሮቹ ለየብቻ ተቀድተው ከተቀመጡ፣ የእኔ አሰናኘት አድሏዊ ነው የሚል ሌላ ሰው ከመነሻው ጀምሮ አዳምጦ ሊያርመኝ ይችላል። ገና ሲናገሩ ከተቀላቀሉ ግን ይግባኝ የለም፤ የሚያሸንፈውም የጮኸው ነው። የመሬት ጥያቄያችን ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ሲደመጥ የኖረ ይመስለኛል፤ እኔም ሳላውቅ በዚያች ምሽት አንድ ጊዜ ደገምኩት።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ስለ ቁልፎቹ ብዛት ሲያወራላችሁ ታገሡትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ስንቱ ድምፅ ለየብቻው ኮምፒውተሬ ውስጥ ይገባል?»

ቸር ይግጠመን።