ፈረስ በደከመ ጊዜ

ፈረስ የጌታው አገልጋይ ብቻ ሳይሆን የስሙም ተካፋይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው መባላቸው በፈረሳቸው ስም ነውና። እንግዲህ ፈረሱ አርጅቶ ወይም አንክሶ ከኮርቻ በወጣ ጊዜ ጌታው ምን ሊያደርግለት ይገባዋል?

ብዙ ሰው መግደሉን ጭካኔ ነው ብሎ ይሸጠዋል፤ ወይም ወደ ሜዳ ይለቀዋል። ነገር ግን የተሸጠው አንካሳ ጋሪ ሲጎትት ይወድቃል፤ የተለቀቀውም ሌሊት የጅብ ሲሳይ ይሆናል። ይህ ከዓይን ማራቅ እንጂ ምሕረት አይደለም።

ለዚህም በካይሮ የሆነው ነገር ምስክር ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲፈጸም፥ የእንግሊዝ ጦር ብዙ ፈረሶቹን በግብፅ ሸጦ ሄደ። ወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክ በ1930 ወደ ካይሮ ቢመጡ፥ እነዚያ ፈረሶች አርጅተውና ከስተው ሸክም ሲጎትቱ አገኟቸው። በ1931 ለለንደን ጋዜጣ ጽፈው፥ በተሰበሰበው ገንዘብ በሦስት ዓመት ውስጥ 5000 ያህል ገዙ። የሚበዙት የማይድኑ ስለ ነበሩ፥ ጥቂት አሳርፈው ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ አደረጉ፤ በ1934ም በዚያው ከተማ የእንስሳት ሐኪም ቤት አቆሙ።

ስለዚህ በግጦሽ ላይ ያለ ሕመም ሊኖር የሚችለውን ፈረስ ጌታው ይጡረው፤ ለሌላ ቢሰጠውም ተቀባዩን አስቀድሞ ይወቅ፥ ኋላም ሄዶ ይጐብኘው። እግሩ የማይድን ከሆነ ግን በአዋቂ ሐኪም እጅ ፈጥኖ እንዲያርፍ ያድርግ። ያገለገለ ሲደክም ምን እንደሚደረግለት ልጆቻችን የሚማሩት ከዚህ ነውና።