አስታማሚን ስለ መርዳት

በሽታ ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ የሚተኛው አንድ ሰው ቢሆንም የሚደክሙት ሁለት ናቸው። በሽተኛውን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀዋል፤ አስታማሚውን ግን የሚጠይቀው የለም።

በአዲስ አበባ በጎፋ፥ አሳንሰር በሌላቸው የጋራ መኖሪያ ፎቆች፥ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለትን አባት ደግፎ በደረጃው ማውረድና ማውጣት፥ ሌሊት መንቃት፥ የመድኃኒቱን ሰዓት መጠበቅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ነው። ፍቅር አላነሳትም፤ ያነሳት ዕውቀትና ዕረፍት ነው።

በ2002 ዓ.ም. በከተሞች በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነርሶች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደርጓል። እንግዲህ ነርሷ በሽተኛውን ብቻ አይታ አትመለስ። መነሣት የማይችል ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያህል ጎኑን ማዞር እንደሚያስፈልግ፥ ወገብን ሳይጎዱ ማንሣትም እንዴት እንደሆነ ለአስታማሚዋ በእጇ ታሳያት፤ «አንቺስ እንቅልፍ አገኘሽ?» ብላም ትጠይቃት።

«ነርሷ የምትጎበኘው ቤት ብዙ፥ ጊዜዋም ጥቂት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ በሚገባ ያልተማረችና ያላረፈች አስታማሚ ነገ ራሷ የወደቀች እንደሆነ፥ ሐኪም ቤቱ በአንድ በሽተኛ ፈንታ ሁለት ይቀበላል። ስለዚህ ሹማምንቱ አስታማሚን መጠየቅ ከነርሷ ሥራ ቆጥረው ጊዜ ሊመድቡላት ይገባል።

የንስሐ አባቶችም ወደ ታመመ ሰው ቤት በገቡ ጊዜ የዕድሩና የማኅበሩ ሰዎች በተራ እያደሩ አስታማሚዋን እንዲያሳርፉ ቢመክሩ መልካም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።