ገመዱ ይቆረጥ ለሚሉን

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ጩኸት ይሰማል። «የገዛ ቤታችን ጨለማ ሆኖ ለኬንያ፣ ለሱዳንና ለጂቡቲ መብራት መሸጥ ምን የሚሉት ነገር ነው? ገመዱ ይቆረጥ!» እየተባለ ነው። ከኑኑ ቁምባ ገጠር መጥቶ፣ በኩራዝ ጢስ ዓይኑ ተቃጥሎ የተማረ ልጅ እንዲህ ቢል አንፈርድበትም። ንዴቱ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም እንላለን።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መሥመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ንግዱ ሲጀመር የተሸጠው 200 ሜጋ ዋት ነበር። ይህን ብናስቀረው የኑኑ ቁምባ ገጠር ይበራል ወይ? አይበራም! መብራት በአየር አይመጣም። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪ ይፈልጋል። የጎደለን እኮ እሱ ነው። ደግሞም የሶዶው መሥመር ዲሲ ስለሆነ መንገድ ላይ ጠልፈው ጎጆ አያበሩበትም፤ መለወጫ ጣቢያው ያለው በሁለቱ ጫፍ ነው። ከሥሩ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሲያንጋጥጥ ይውላል እንጂ አንድ አምፖል አያገኝበትም።

ታዲያ «ዝም ብላችሁ ሽጡ» ማለታችን ነው? በጭራሽ! ወለጋ ይህን ታሪክ ቀድሞ ያውቀዋል። የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር ሐይቁ የሆሮ ጉዱሩን ገበሬ እርሻና ግጦሽ ዋጠ፤ ኃይሉ በረጅም ሽቦ ወደ አዲስ አበባ ነጎደ። ያኔ ድንበር የተሻገረ ገመድ አልነበረም። ለጎረቤት ሳይሸጥም ገበሬው በጨለማ አድሯል! ገመድ ቆራጮቹ ይህን ምን ሊሉት ነው?

ኖርዌዮችን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከጀርመንና ከእንግሊዝ ጋር በባሕር ሥር ገመድ ተገናኙ፤ እያንዳንዱ 1,400 ሜጋ ዋት ይሸከማል። ጨለማ ቤት የላቸውም። እንዲያም ሆኖ በዚያው ዓመት የመብራት ዋጋ ሲንር (ምክንያቱ ገመዱ ብቻ አልነበረም) ሕዝቡ ተቆጣ፤ መንግሥታቸውም ዓመቱ ሳያልቅ የየቤቱን ሂሳብ መደጎም ጀመረ። ገመዱ አልተቆረጠም፤ ገንዘቡ ግን ወደ ቤት ተመለሰ።

የኛም ጥያቄ ይኸው ነው። ከሽያጩ ከሚገባው ዶላር የተወሰነ ድርሻ በሕግ ይቆረጥ፤ መብራት ላልደረሰበት ገጠር ምሰሶና ትራንስፎርመር ይዋል፤ ውሃው መሬታቸውን ከወሰደባቸው ይጀመር። ሂሳቡም በየወረዳው በር ላይ ይለጠፍ፦ ስንት ዶላር ገባ፣ ስንት ምሰሶ ተተከለ፣ በየትኛው ቀበሌ። «ይኼማ ምሥጢር ነው» የሚለን ቢኖር፣ ኬንያዎች የሚከፍሉትን ያውቁታልና ምሥጢሩ ከማን እንደሚጠበቅ ይንገረን።