ግድግዳው ግራጫ ነው፤ እንጨቱስ?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላንዳንዶቻችሁ ተራ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የመኝታ ክፍል ነው፤ ያውም ቀለም ያልነካው፣ በሲሚንቶ ልስን ብቻ የቀረ ግራጫ መኝታ ክፍል። «ይሄ ደሞ ምን ያጽፋል?» የምትሉ ካላችሁ እስቲ ትንሽ ታገሱኝ። ግንባታ እየተማርን የምናድርበትን ክፍል ካላየነው ምኑን ተማርነው?

በጅማ መንገድ ወጥታችሁ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ግቡ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ ሰዉ ግን ዛሬም በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው የሚሠራው በየደረጃው ነው። ብሎኬቱ ይደረደራል፣ ቆርቆሮው ይመታል፣ ግድግዳው ይለሰናል። ገንዘቡ የሚያልቀው ደሞ ልክ ቀለም ላይ ሲደረስ ነው። ያኔ ተከራይ ይገባል። ተከራዩ ደግሞ እኛ ነን፤ ተማሪው፣ አዲስ ተመራቂው፣ ገና ጎጆ የወጡት ባልና ሚስት።

ተከራይ በሚለቀው ቤት ላይ ቀለም አይቀባም። ሚስማር ሲመታም አከራዩን አስፈቅዶ ነው። ታዲያ በእጁ የቀረው ምርጫ ምንድን ነው? ዕቃው ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ አልጋና ቁም ሣጥን ማውራት የቅንጦት ወሬ አይደለም፤ ተከራዩ በቤቱ ላይ ያለው ብቸኛ ሥልጣን እሱ ነውና።

የኔ አቋም አጭር ነው። ግራጫው ግድግዳ ጠላታችን አይደለም። የሚያስቀይመው ከፊቱ የምናቆመው የውሸት እንጨት ነው።

ግራጫ ቀዝቃዛ ቀለም ነው፤ እንጨት ደግሞ ቢጫና ቀይ ያለበት ሞቅ ያለ ቀለም ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። ይህን በዓለም ደረጃ ያሳየን የጃፓኑ አርክቴክት ታዳኦ አንዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኦሳካ አጠገብ ኢባራኪ ውስጥ ያሠራው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ያልተቀባ ኮንክሪት ነው። ለግንባታው የተገኘው ገንዘብ ትንሽ ስለነበር ወለሉና አግዳሚ ወንበሮቹ የተሠሩት ለግንባታ መወጣጫ ከሚውል ጣውላ ነው። ዛሬ የዓለም የአርክቴክቸር ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ግራጫ ግድግዳና የመወጣጫ እንጨት! እኛ አገር ይህ በየሠፈሩ ሞልቶ የለም እንዴ?

አሁን ወደኛ ገበያ እንምጣ። ብዙዎቻችን የምንገዛው ቺፕዉድ ነው፤ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ፣ ላዩ ላይ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት የተለጠፈበት ማለት ነው። ሲገዙት ያምራል፣ ዋጋውም አይከብድም። ግን ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው እርጥበት ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ ያልተቀባ ግድግዳ ውኃ ይስባል። ቺፕዉድ እርጥበት ከጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ሁለተኛው ጠላት ጉዞ ነው። ተከራይ ቤት ይቀይራል። ቁም ሣጥኑ በተፈታና በተገጠመ ቁጥር የብሎኑ ቀዳዳ ይፈረፈራል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቤት ላይ በሩ ይንጠለጠላል። ደህና እንጨት ግን ብሎኑን ጨብጦ ይይዛል፤ ቢጫር ይላጋል፣ ቢሰበር ይጠገናል። ታዲያ ርካሹ የትኛው ነው?

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፣ ትክክለኛም ነው። «የሰፈር አናጢ የሠራው አልጋ እኮ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይሰነጠቃል። ጥፋቱ ግን የእንጨቱ አይደለም፤ በአብዛኛው የአናጢውም አይደለም። እንጨቱ ሳይደርቅ ስለሚሠራ ነው። ባሕር ዛፍ በተለይ ሲያድግ በውስጡ የታመቀ ኃይል አለው፤ ሲሰነጠቅና በፀሐይ በጥድፊያ ሲደርቅ ያ ኃይል ይለቀቅና ጣውላው ይጠማዘዛል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ጣውላውን ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ አየር እንዲያልፍበት መደርደር፣ ጫፍ ጫፉን ቀለም ወይም ሰም መቀባት፣ ከዚያም መታገሥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ግን ባለ አንድ በር ሱቅ ያለው አናጢ ለወራት ገንዘቡን ጣውላ ላይ አስሮ ሊቀመጥ አይችልም። ትዕዛዝ ሲመጣ የዛሬውን እንጨት ዛሬ ይሠራዋል። ችግሩ የካፒታልና የቦታ ነው፤ የሙያ አይደለም።

የትኛው እንጨት? ይህም ጥያቄ ነው። «ዋንዛ ካልሆነ» የሚል ሰው አይጠፋም። ዋንዛ በርግጥ ውብ ነው። ነገር ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ተከልክለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የደን አዋጁ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ተተክቷል፣ የአገር በቀል ዛፎቻችን መመናመን ግን አልቀረም። ከሰበታ በላይ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ያየ ሰው ይገባዋል። በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደተዘራበት ይነገራል። ለአንድ ኮሞዲኖ ተብሎ እንዲህ ያለ ዛፍ አይጣልም። ለኛ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጽድና ግራቪሊያ ይበቁናል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦንና ሱሉልታን ሞልቶታል፤ እኛ ግን ከማገዶና ከመወጣጫ በላይ አላከበርነውም።

ስለ ክፍሉ አቀማመጥም ጥቂት ልበል። ያልተቀባ ሲሚንቶ ከሚያርፍበት ብርሃን ብዙውን ይውጣል። ስለዚህ በእንጨቱ ላይ ጥቁር ቡኒ ቫርኒሽ መደረብ ክፍሉን ጉድጓድ ያደርገዋል። ፈዛዛውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ መቀባት ይሻላል። አምፖሉም ነጭ ሳይሆን ቢጫ ብርሃን ያለው ይሁን፤ በነጩ አምፖል ግራጫው ወደ ሰማያዊ ይሄድና እንጨቱ ይሞታል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቁት፤ አየር ካላለፈ ልብሳችሁን ሻጋታ ይበላዋል። ክፍሉን በዕቃ መሙላትም አያስፈልግም። የድሮው የጠፍር አልጋና አንድ የጅማ በርጩማ ብቻቸውን ቤት ያሞቁ ነበር።

«ተማሪ ይህን ሁሉ በምን ገንዘብ?» ትሉኝ ይሆናል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ግዙ አላልኩም። መጀመሪያ አልጋ ብቻ፤ በሚስማር ሳይሆን በብሎን የተገጠመ፣ በአይሱዙ ቀርቶ በጋሪም ቢሆን ተፈታቶ የሚጫን። ቁም ሣጥኑ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። እስከዚያው ልብሱን ሻንጣ ይይዘዋል።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለክፍለ ትምህርታችን አቀርባለሁ። ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ብዙ እንማራለን፤ ስለ እንጨት አደራረቅ ግን የምንማረው ከጥቂት ገጽ አያልፍም። ከወርክሾፓችን ጀርባ አንድ የቆርቆሮ ዳስ ሠርተን ለምን ከቡራዩና ከሰበታ አናጢዎች ጋር ጣውላ አናደርቅም? እነሱ የእጅ ሙያውን ያሳዩናል፣ እኛ እርጥበቱን እየለካን ውጤቱን እንመዘግባለን። የመመረቂያ ጽሑፍም ይወጣዋል። አናጢው ደረቅ ጣውላ ያገኛል፣ ተከራዩም የማይጣመም አልጋ። ግድግዳውማ ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ ይቀባዋል፤ ባይቀባውም ግድ የለም።

መምህራኖቻችንም ጓደኞቼም፣ በዚህ ሐሳብ የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንከራከር። ቸር ይግጠመን።