ፊደልን ከዜማው መለየት

ልጃችሁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ ጀምሮ እስከ «ፖ» ሳያቋርጥ ሲወርደው ስትሰሙ «ፊደል ለየ» ብላችሁ ደስ ይላችኋል። እባካችሁ፣ ደስታችሁን ጥቂት አቆዩትና ከገበታው መካከል «ሜ»ን ብቻ ነጥላችሁ ጠይቁት። ብዙ ልጅ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ ከ«መ» ተነሥቶ በልቡ እያዜመ ይደርስባታል። ያ ልጅ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ይህ ድካም ከቀደሙት መምህራን የተሰወረ አልነበረም። በንባብ ቤት ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁን ከቆጠረ በኋላ የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። ተራው ከዕብራይስጡ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌት ጋር የሚዛመድ ጥንታዊ ተራ ነው። ለልጁ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ በየእርምጃው ፊደሉም ይለወጣል፣ ድምፁም ከግእዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ ይሻገራል። የለመደው ዜማ ስለማይረዳው ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። በቤት የሚሠሩ የንባብ ጨዋታዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነውና «ጨዋታ ትምህርትን ያቃልላል» የሚሉትን ወገኖች አሳብ ለመቀበል እቸገራለሁ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው የንባብ ምዘና ብዙ ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደተሳናቸው አሳይቶ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤም የጸሎት መጽሐፍ ገልጠው የሚይዙ፣ የሚከተሉት ግን በቃላቸው የሆነ ወንድሞችና እኅቶች አይጠፉም። ያልለመዱት ገጽ ሲመጣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

እንግዲህ የጫማ ካርቶን አትጣሉ። 231ዱን ፊደል በአንድ ጊዜ አትቍረጡ፤ መልካቸው የሚቀራረበውን ለ፣ ሰ እና በን ከነሰባት ድምፃቸው ውሰዱ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ብትጽፉት 42 ቁራጭ ይሆናል። በግንባራቸው ደፍታችሁ ደርድሯቸው፤ ልጁ ሁለት ሁለት እየገለጠ፣ የገለጠውንም ጮክ ብሎ እየጠራ ጥንዱን ይፈልግ። «ሲ»ን ከ«ቢ» ካልለየ አያሸንፍም። ቆርኪ ያለው ቤት ደግሞ በየቆርኪው ውስጥ ፊደል ለጥፎ፣ እናት «ሰላም» ስትል ልጆች ቃሉን ለመገጣጠም ይሽቀዳደሙ። በግቢም ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ በየሳጥኑ ፊደል ይጻፍና ጠጠሩ ያረፈበትን ጠርተው ይዝለሉ።

ከሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው የማጥበቅና የማላላት ጨዋታ ነው። አማርኛችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው የሚለይበት ምልክት በተለመደው ጽሕፈቱ የለውም። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» የሚሉ ቃላትን በቁራጭ ጽፋችሁ አሳዩት፤ ልጁ አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ አንድ ጊዜ አላልቶ ያንብብና ለሁለቱም ዓረፍተ ነገር ይሥራ። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም። ልጆች በዚህ እጅግ ይስቃሉ፤ እየሳቁም ንባብ ድምፅ ማውጣት ብቻ ሳይሆን ትርጉም መፈለግ መሆኑን ይረዳሉ።

ከፍ ላሉት በግእዝ ተጫወቱ። በአንዱ ቁራጭ ቃሉን፣ በሌላው ትርጉሙን ጻፉ፤ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ሌባ ሆኖ ወሰደ፤ መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ። «ሁለቱ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?» የሚለው የልጆች ጥያቄ እዚህ መልስ ያገኛል። በተሳሳተው ፊደል የተጻፈ ልመና ሥዕል ሣልልን ማለት ሊሆን ነውና!

ስልክ ላይ ያሉትን የፊደል ጨዋታዎች አልነቅፍም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ድምፁን ቀድመው ስለሚናገሩለት ልጁ የሚደክመውን ድካም ይወስዱበታል። ካርቶን ዝም ይላል። በባሕር ማዶ ያሉ ቤተሰቦችም፣ ልጆቻቸው ፊደልን የሚያገኙት እሑድ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ከረጢት ቁራጭ በሳሎን ቢያኖሩ ሳምንቱ ባዶ አይሆንም። ለአሸናፊ ከረሜላ መስጠት ግን ይቅር፤ ከረሜላው ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃልና። ታናሹ ሁልጊዜ እንዳይሸነፍም ታላቁ ከባዱን ቃል ይውሰድ።

ጨዋታው እስከ መቼ? ልጁ በመንገድ የሱቅ ስምና የታክሲ ጥቅስ ሳይጠየቅ ማንበብ እስኪጀምር፣ ብሎም የእናንተን ንባብ እስኪያርም ድረስ። ያን ጊዜ መጽሐፉን ስጡት፤ ከረጢቱን ለታናሹ አስተላልፉ።

ይቆየን።