ጠጠሩ ሄደ፣ ጉድጓዱ ቀረ

ዛሬ ተርሚኒ ሰልፉ ረጅም ነው። እኔም በካስትሮ ፕሬቶሪዮ በኩል ቪያ ማርሳላ ላይ ተራዬን እየጠበቅኩ ነውና ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የቸኮለ ይለፈኝ።

ትናንት ማታ ደንበኛ ይዤ ወደ ቶር ፒኛታራ ስሄድ አንዱ መንገድ ታጥሯል። አስፋልቱ ሰምጦ አፉን ከፍቷል። ሮም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ቮራጂኔ ይሉታል። ደንበኛዬ እስክንዞር ድረስ ማዘጋጃ ቤቱን ሲሰድብ ነበር። ማዘጋጃ ቤት ሲሰደብ እኔም አይከፋኝም፣ ግን የዚህ ነገር ሥሩ ሩቅ ነው። የጥንት ሮማውያን ለግንባታ ከኖራ ጋር የሚቀይጡትን ፖዞላና የሚባል የእሳተ ገሞራ አመድ ከመሬት ሥር ዋሻ እየቆፈሩ ያወጡ ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጡትም እንደዚያው። በተለይ የምሥራቁ ሰፈር ሥሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አመዱ ተሸጦ አለቀ፣ ቆፋሪውም ሄደ፣ በላዩ ላይ ቤትና መንገድ ተሠራ። ታዲያ ዝናብ ሲበረታ ወይም የተበላሸ ቧንቧ ሲያፈስ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ዕዳውን የሚከፍለው ጎማው የገባበት ምስኪን ነው።

እኛ አገር ካባ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያኖች የመጣ ነው፣ እነሱ ካቫ ይላሉ። ቃሉን ወስደናል። ጉድጓዱን ሳይደፍኑ መሄድን ግን ማንም ሳያስተምረን የቻልንበት ይመስለኛል።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ዳር፣ ካባ አጠገብ ነው። ጠዋት ድማሚት ሲፈነዳ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅ ሠራተኛውም መኪናውም በአንድ ሳምንት ጠፉ። ጉድጓዱ ክረምት ሲመጣ ውሃ ሞላ፣ ለእኛ ለልጆች ደግሞ መዋኛ ሆነልን። አንድ ቀን አራት ሆነን ሄደን ሦስት ሆነን ተመለስን። የልጁን ስም አልጽፍም፣ እናቱ አሁንም በሕይወት አሉ። ውሃው ጭቃ ስለሆነ ታቹ አይታይም፣ ዳሩም እንደ ግድግዳ የቆመ ነው፣ አንዴ ከገቡ መውጫ የለውም። ያን ያህል ዓመት አልፎም የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር ወላጆችን ያንኑ ያስጠነቅቃል፦ ለድንጋይ ተቆፍረው ውሃ ካቆሩ ጉድጓዶች ልጆቻችሁን አርቁ ይላል። ጠላቂዎቻቸውም ከእንዲህ ዓይነት ጉድጓድ አስከሬን ያወጣሉ። ማስጠንቀቁ ደግ ነው፣ ግን ጉድጓዱን የቆፈረውን ሰውዬ ማን አስጠነቀቀው?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ይጠይቃል፣ የተጎዳውን መሬት መልሶ ለማልማት የሚሆን ገንዘብ እንዲመደብም ያዛል። በባህላዊ መንገድ የሚያመርቱትን ከጥናቱ ነፃ ያደርጋል። ለአገር ውስጥ ሰው የአሸዋና የጠጠር ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው፣ ስለዚህ ቁጥጥሩም ወደ ታች ይወርድና ሞተር ሳይክል እንኳ የሌለው ባለሙያ እጅ ላይ ይወድቃል። ይህ ባለሙያ አንድ ጊዜ ሄዶ ያያል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ቆፋሪው እሺ ይላል። ሁለተኛ ሲሄድ ድንጋዩም ቆፋሪውም የሉም። ያኔ ማንን ነው የሚቀጣው? ጉድጓዱን?

እኔ የምለው ገንዘቡ ከመቆፈሩ በፊት ባንክ ገብቶ ይታሰር ነው። አካፋው መሬት ሳይነካ። ቆፋሪው ሥራውን በወጉ ከጨረሰ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ካልጨረሰ በዚያው ብር ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። ሥራው ደግሞ ተአምር አይደለም። ለሙ የላይኛው አፈር መጀመሪያ ተገፍቶ ለብቻው ይከመራል። ገደሉ ከላይ ወደ ታች እንደ ደረጃ ይቆረጣል እንጂ ከሥሩ አይፈለፈልም፣ ሰው የሚቀበረው ከሥር ሲፈለፈል ነውና። በመጨረሻ ውሃው ይፋሰሳል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ዛፍ ይተከላል። ቆፋሪው ማሽኑ እዚያው ቆሞ እያለ ይህ ርካሽ ነው። ማሽኑ ከሄደ በኋላ ግን ወረዳው አይችለውም።

ተደራጅተው ድንጋይ የሚያወጡት ወጣቶች የባንክ ዋስትና ከየት ያመጣሉ የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አያመጡም። ከእነሱ በየጭነቱ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥ። ሲኖትራኩ ሲወጣ ኬላ ላይ የሚያስከፍለው አልጠፋም አይደል?

ፈረንጅ ጻድቅ ነው እያልኩም አይደለም። እዚሁ ሮም በምዕራብ በኩል ቫሌ ጋሌሪያ አሸዋና ጠጠር ሲዛቅበት የኖረ ሸለቆ ነው፣ የማላግሮታ ቆሻሻ መጣያም እዚያው ነው የተቋቋመው። እ.ኤ.አ. በ2013 እስኪዘጋ ድረስ ከአውሮፓ ትልልቆቹ አንዱ ነበር። አንዳንዱ ጉድጓድ መሙላት ሲባል የሚገባው በቆሻሻ መሙላት ነው። የአካባቢውን ሰው ሽታውን ጠይቁት።

የኔን ታክሲ ግን እዩልኝ። በየዓመቱ ቴክኒክ ምርመራ አለበት፣ ቆጣሪው በማኅተም የታሸገ ነው። አራት ሰው ለምትጭን መኪና ይህን ያህል ተቆጣጣሪ ካለ፣ ኮረብታ ለሚበላው ክሬሸር ስንት ሊኖር ነው?

አሁን ወደ ራሳችን። እዚህ ሌሊት እየነዳን፣ አሮጊት እያጠብን፣ አገር ቤት ቤት እናሠራለን። ስለ ብረት ዋጋ፣ ስለ ሲሚንቶ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን። ጠጠሩ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አንድ ሰው አላየሁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ትናንት ከዚያ የሰመጠ መንገድ ስመለስ ግን ለወንድሜ ደወልኩና የኛ ቤት ጠጠር ከየትኛው ካባ ነው፣ ፈቃድ አላቸው ወይ አልኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ ጣሊያን ሆንክ እንዴ? በመኪና ስንት እንደሆነ ብቻ ጠይቀኝ» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን ከቦታው ፎቶ ላከልኝ። አጥር የለውም። ታች ውሃ አቁሯል፣ ዳር ላይ የልጆች ልብስ ተቀምጧል። እሑድ የሚመጣውን ጭነት አስቁም ብዬዋለሁ፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ተራዬ ደረሰ፣ ልሂድ።